ያላለቀሰው ጣዎስ

ጣዎሱ አላለቀሰም።

ኢንስፔክተር ኦቲሊያ ኩዋውትሌ ፊቷን ወደ መስታወቱ ሣጥን አስጠግታ ደግማ አየችው። ሰማያዊው ጣዎስ በነጩ የሸክላ ሰሃን መሀል ቆሞ፣ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ፣ በደረቀ ዓይን መልሶ ያያታል። በፑዌብላ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጣዎስ ግን ከዓይኑ ሥር አንዲት ሰማያዊ የዕንባ ዘለላ አለችው። ድሮ፣ ይህ ቤት ገዳም ሆኖ መነኮሳቱ በሕይወት ሳሉ፣ ሸክላው እሳት ውስጥ እያለ ቀለሙ ቀልጦ የወረደባት ናት። የትምህርት ቤት ልጆች ሙዚየሙን ሊጎበኙ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ለምንድን ነው የሚያለቅሰው?» ብለው ነው። ኦቲሊያም በልጅነቷ ጠይቃለች።

«ይሄ ቅጂው ነው» አለ ከኋላዋ ዳይሬክተር ጋርሳ። ክራባቱን የማይፈታ ረጅም ሰው ነው፤ ከሰሜን፣ ከሞንቴሬይ ተሹሞ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። «ለሙታን ቀን፣ ሙታኑ በዓመት አንዴ መጥተው ይቀምሳሉ ተብሎ ለሚዘረጋው ማዕድ ያሠራነው። ሌባው ቅጂውን ከማዕዱ ላይ አንስቶ እዚህ ከተተውና እውነተኛውን ይዞ ሄደ። ቁልፉ አልተሰበረም፤ መስታወቱ አልተጫረም። የሣጥኑ ቁልፍ ያለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

አንዱ ሰው በሩ አጠገብ ቆሞ ቆቡን በእጁ ያሽከረክራል። የሙዚየሙ ዘበኛ ዶን ኤሌውቴሪዮ፣ በዚህ የቀድሞ ገዳም ጣሪያ ሥር ፀጉሩን ያሸበተ ሰው ነው።

ኦቲሊያ የከፋውን አስቀድሞ ማሰብ አመሏ ነው። ልጇ ሂሜና ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች፣ እሷ በሐሳቧ ሆስፒታል ደርሳ ሐኪሙን እየለመነች ነው። አሁንም ሰሃኑ በሣር ተጠቅልሎ፣ በሣጥን ታሽጎ፣ ከቬራክሩስ ወደብ መርከብ ተሳፍሮ ታያት። ከዚያም ሣጥኑ ከመርከበኛው እጅ አምልጦ ሲወድቅ ታያት።

«ዶን ኤሌውቴሪዮ፣ የሙታኑን ማዕድ ማን አነሳው?»

«እኔ ነኝ፣ እመቤት። ትናንት ከሰዓት በኋላ። አበባውን፣ ሻማውን፣ ዳቦውን።»

«ማዕዱ ላይ የነበረውስ የጣዎስ ሰሃን?»

ቆቡ መሽከርከሩን አቆመ። «ስደርስ አልነበረም።»

«ምን ነበር የቀረበበት?»

«ሞሌ። ካስቱላ፣ ባለቤቴ፣ የሠራችው። ከነቱርክ ዶሮው።» ይህን ሲል ምራቁን ዋጠ። የካስቱላን ሞሌ አንዴ የቀመሰ ሰው፣ ያን በበርበሬና በቸኮላት የጠቆረ ወጥ፣ ቢታሰርም ምራቁን ሳይውጥ አይጠራውም።

«ከዚህ ቤት አንዲት አበባ እንኳ እንዳትወጣ ብዬ በስብሰባ ላይ ተናግሬአለሁ» አለ ዳይሬክተሩ። «እስከ ማታ ሰሃኑ ካልተገኘ ክሱን እፈርማለሁ።»

ክሱ ከተፈረመ ዶን ኤሌውቴሪዮ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይተላለፋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ሽማግሌው ቆቡን ደረቱ ላይ ይዞ በፖሊሱ መኪና ሲሳፈር፣ ኦቲሊያ መሬት መሬት አየች።

ከዚያ ባልደረባዋን መልኪያዴስን ጠርታ በሙዚየሙ ግቢ ያለውን የቆሻሻ በርሜል አስፈተሸችው።

«አበባ አለ፣ የሻማ ቁራጭ አለ» አለ መልኪያዴስ አፍንጫውን ይዞ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። «ሌላ ምንም።»

«ሞሌ የለም?»

«ጠብታ እንኳ።»

«እስቲ አስበው፤ አንተ ሌባ ነህ። ሰሃኑን ቶሎ ለውጠህ መሄድ ትፈልጋለህ። ላዩ ላይ ግን የተቆራረጠ የቱርክ ዶሮ ከነወጡ ተቆልሏል። ምን ታደርጋለህ?»

«እበላዋለኋ!» አለ መልኪያዴስ ያለ ማመንታት።

«ከነአጥንቱ?»

መልኪያዴስ አሰበበት። «አጥንቱንማ እግጠዋለሁ እንጂ አልውጠውም።»

«ታዲያ አጥንቱ የታለ?»

*

መጀመሪያ የሄዱት ቅጂውን ወደ ሠራው ሸክላ ሠሪ ወደ ፊደንሲዮ ነበር። እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ለብሶ አገኙት።

«ትናንት የት ነበሩ፣ ጌታዬ?»

«የእናቴ መቃብር ላይ። ሙዚቀኛ ቀጥሬላት ሳስጨፍራት ዋልኩ። ሠፈሩ ሁሉ ምስክሬ ነው፤ ሙታኑም ጭምር።»

«እውነተኛውን በእርስዎ ቅጂ ለውጠው ወስደዋል የሚል ጥርጣሬ አለ።»

ፊደንሲዮ እንደ መሳቅ ቃጣውና ተወው፤ ተቆጥቷል። «ስሚኝ ልጄ። እኔ ሰው ላታልል ብነሳ ዕንባዋን አልሥላትም ነበር? አንዲት ጠብታ ቀለም ናት፤ የብሩሽ ጫፍ ትበቃታለች። ግን ያ ስሕተት ነው፤ እኔ የሰው ስሕተት አልገለብጥም። ይህን ሰሃን ሣጥኑ ውስጥ ያስገባው ሰው እንዲያታልል አላስገባውም። ቦታው ባዶ ሆኖ እንዳያስጠላ ያህል ነው ያስቀመጠው።»

ኦቲሊያ ከወርክሾፑ ስትወጣ ይህ ቃል እንደ እሾህ ተሰክቶባት ነበር። ሰው ጥርሱ ሲወልቅ አፉን በእጁ እንደሚሸፍነው ያለ ሥራ ነው። የትኛው ሌባ ነው ባዶ ቦታ የሚያሳዝነው?

ቢሆንም የጥንት ዕቃ ነጋዴዎች ወዳሉበት ጠባብ መንገድ ወረደች። አንዱ ሱቅ ውስጥ ሣር የሞላበት ክብ ሣጥን አየች። ነጋዴውን ግድግዳ አስደግፋ ሣጥኑን ከፈተችው። የግድግዳ ሰዓት ነው። ያውም የቆመ።

«ይህንንም ይሰርቁታል ብለው ነው?» አለ ነጋዴው። «እባክዎ ሌባ ካለ ወደኔ ይላኩልኝ፤ ስንት ዘመን ገዢ ያጣሁለት ነው።»

ስልኳ ጮኸ። ሂሜና ናት። ኦቲሊያ ሰላም እንኳ አላለቻትም። «ምን ሆንሽ? ወደቅሽ?»

«እማዬ! ስኳሩ የት ነው?»

*

ዶኛ ካስቱላ በገበያው ውስጥ ባላት የምግብ መደብ ትልቁን የሸክላ ድስት ታማስላለች። እንደ ሕፃን ሁለት እጅ የሚፈልግ ድስት ነው። ፊቷ ባለው ረጅም ወንበር ላይ አንዲት የተሸበሸበ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ተቀምጣ በደስታ ትበላለች። ባሏ መያዙን ካስቱላ ገና አልሰማችም።

«አንቺ ልጅ፣ ከስተሻል!» አለቻት ኦቲሊያን ገና ስታያት። ሰሃን ሞልታ አቀረበችላት። «ብዪ መጀመሪያ። ባዶ ሆድ የሚጠይቀው ጥያቄ ጠማማ ነው።»

ኦቲሊያ አንድ ጉርሻ ወሰደች፤ ቆም አለች። ጨው በዝቶበታል። እንደ ሁለቴ የተጨመረ። ይህች ሴት ዓይኗን ጨፍና የምትሠራውን ወጥ በጨው ካበላሸች፣ ልቧ ሌላ ቦታ ነው።

«ዶኛ ካስቱላ፣ ትናንት ሙዚየም ገብተው ነበር?»

«እኔ? ምን ልሠራ? ሞሌውን ቀድሜ አድርሻለሁ። ትናንት ቤቴ ሽንኩርት ስልጥ ነው የዋልኩ።»

«ከትናንት በስቲያስ? ማዕዱ በተዘረጋ ቀን?»

«ደጃፉ ላይ ለኤሌውቴሪዮ ሰጥቼ ተመለስኩ። እግሬ ወደ ውስጥ አልረገጠም።»

ባለባርኔጣዋ ሴት የበቆሎ ቂጣዋን፣ ቶርቲያዋን፣ አስቀመጠች። «ይቅርታ፣ እመቤቴ፣ በሰው ወሬ ጥልቅ አልኩ። ግን እርስዎ አይደሉ እንዴ የተቆጡኝ? በዚያ ቀን፣ ማዕዱ በተዘረጋበት በሙዚየሙ ወጥ ቤት ውስጥ?»

የካስቱላ ማማሰያ ቆመ።

ሴትየዋ ወደ ኦቲሊያ ዞረች። «ሊሂያ እባላለሁ፤ ከሜሪዳ ነኝ። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ሙዚየም አያለሁ፣ ከዚያ እስኪመሽ እበላለሁ። እንደ እናንተ ከተማ ለሁለቱም የሚመች አላየሁም። ማዕዱን ፎቶ ሳነሳ እኚህ እናት መጥተው "ሙታኑ ሳይቀምሱ ፎቶ ያነሳሽ አንቺ ማን ነሽ?" ብለው አባረሩኝ። እውነታቸውን ነው። ግን አንድ አምልጧቸዋል።»

ስልኳን ከፍታ ሰጠቻት። ቢጫ አበባ፣ ሻማ፣ በስኳር የተነከረ ዳቦ፣ መሀሉ ላይ ሞሌ የተቆለለበት ሰሃን። ኦቲሊያ ምስሉን በጣቶቿ አሰፋችው። ከዶሮው እግር አጠገብ የጣዎሱ ራስ ብቅ ብሏል።

ከዓይኑ ሥር ሰማያዊ ዘለላ አለች።

ኦቲሊያ የያዘችውን ቶርቲያ ረሳችው። እውነተኛው ሰሃን ከመነሻውም ማዕዱ ላይ ነበር ማለት ነው። በሌባ እጅ አልተለወጠም። ሞሌውም የጠፋው ከሰሃኑ ጋር ነው።

«ዶኛ ካስቱላ» አለች ዝግ ብላ። «ባለቤትዎ ታስረዋል። ማታ ለዐቃቤ ሕግ ይሰጣሉ።»

ማማሰያው ድስቱ ውስጥ ሰጠመ።

«ኤሌውቴሪዮ? እሱ ምን አደረገና? እኔ ነኝ እንጂ!» አለች፤ ሁለት እጇን በሽርጧ ጠቀለለች። «ቀን ሲያሸልብ ቁልፉን ከቀበቶው ፈትቼ የለወጥኩት እኔ ነኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? ሰሃኑ የመነኮሳቱ ነው። ያቀረቡበት፣ የበሉበት፣ የራሳቸው ዕቃ! በዓመት አንድ ቀን ከዚያ ሁሉ ሩቅ መንገድ መጥተው ቤታቸው ሲገቡ፣ የራሳቸው ሰሃን ተቆልፎባቸው በትናንት ሸክላ ላቅርብላቸው? ሙት የሚሰደበው እንዲህ ነው! በማግስቱ ልመልሰው ነበር። ስደርስ ማዕዱ ባዶ። ሰሃኑም የለ፣ ሞሌውም የለ። ይኸው ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። ምን ይዋጠኝ?»

ሊሂያ ዓይኗን በናፕኪን ጠረገች። «ጨው የበዛው ለዚህ ነው» አለች።

«በዝቷል?» ካስቱላ ደነገጠች። ባሏ መታሰሩን ስትሰማ እንኳ እንዲህ አልደነገጠችም።

*

በፖሊስ ጣቢያው ዶን ኤሌውቴሪዮ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ኦቲሊያ ከአጠገቡ ቁጭ አለች።

«ዶን ኤሌውቴሪዮ፣ ስደርስ ሰሃኑ አልነበረም ብለውኛል። ሞሌውን ግን ሌባ አልወሰደውም። ሞሌን እንዲህ ከነአጥንቱ ተሸክሞ የሚሄድ፣ የት እንደሚወስደው የሚያውቅ ሰው ነው።»

ሽማግሌው ቆቡን አየ። «ዳይሬክተሩ አንዲት አበባ አትውጣ ብሎ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ግን የሙታን ማዕድ ሲነሳ ለአበልጅ ይላካል እንጂ ይጣላል? ቅጂው ነው፣ ርካሽ ዕቃ ነው ብዬ፣ ከነሞሌው ለአበልጄ ለክሪስፒን አደረስኩት። ነገ ይመለሳል ብዬ። ታዲያ ለቅጂ ሰሃን ይህ ሁሉ...»

«ቅጂው አልነበረም።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ቀስ ብሎ ተነሳ፤ እጆቹን ዘርግቶ አያቸው። «በአውቶቡስ ነው የወሰድኩት» አለ። «ቆሜ! በአንድ እጄ!»

ኦቲሊያ አውቶቡሱን፣ ጉድጓዱን፣ ፍሬኑን በሐሳቧ አየች። የጓዳሉፔዋን እመቤታችንን በልቧ ጠራች።

*

የፖሊሱ መኪና ጢም ብሎ ሞላ። ፊት መልኪያዴስና ኦቲሊያ፤ ከኋላ ባልና ሚስቱ፣ መሀላቸው ሊሂያ። ሊሂያ ለምን እንደመጣች የጠየቃት የለም፤ ምስክር ነኝ ብላ ተቀምጣለች።

«ቁልፌን ከወገቤ!» ይላል ኤሌውቴሪዮ። «ከተኛ ሰው ላይ!»

«እንደ በሬ እያንኮራፋህ ማን ዘበኛ ይልሃል? ኮርኒሱን ብወስደውም አትነቃ!»

«ለኢንስፔክተሯ ሽንኩርት ስልጥ ዋልኩ ብለሻል አሉ። ውሸታም!»

«አንተስ "ስደርስ አልነበረም"? እኔን ለማዳን ብትዋሽ እንኳ ደስ ባለኝ፤ የዋሸኸው ለሆድህ ነው!»

«ለአበልጄ ሆድ!»

ሊሂያ መሀል ተቀምጣ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ቀጥሎ እነሱም።

አበልጅ ክሪስፒን በሻኔኔትላ ሠፈር ቀለም በተቀባ በሩ ላይ ቆሞ ተቀበላቸው። «ሰሃኑማ ሄደ!» አለ ሲጠይቁት። «ባዶውን ልመልሰው ነበር? ዱባ በቡናማ ስኳር አፍልተን ሞላንበትና፣ ይህ ለብሪሂዳ ይሁን ብለን ላክነው። ቆንጆ ሰሃን ነበር። እንዲያውም ሚስቴ፣ ያን ሙዚየም ያለውን አይመስልም ወይ ብላኝ ነበር።»

«ምን አልካት?» አለ ኤሌውቴሪዮ በደከመ ድምፅ።

«"የሙዚየሙ ከዚህ ያምራል" አልኳት።»

ዱባ ሳይቀምሱ መውጣት አልተቻለም። ኦቲሊያ ቆማ ጎረሰች፤ ጣፋጭ ነው፤ ዓይኗ ግን ሰዓቷ ላይ ነው። ክሪስፒንን ጨምረው የብሪሂዳ ቤት ሲደርሱ ብሪሂዳ፣ ግዙፍ፣ ብርቱ ሴት፣ ሳትጠየቅ በበቆሎ ልጣጭ ተጠቅልሎ የበሰለ የበቆሎ ሊጥ፣ ታማል፣ አወጣች። ዱባውን በልተው ሰሃኑን አጥባ፣ በታማል ሞልታ፣ ለክርስትና ልጇ ልካዋለች። ዛሬ የልጁ ልደት ነው። ቤቱ በአናልኮ ሠፈር፣ ከወንዙ መንገድ ማዶ። «እኔም ወደዚያው ነኝ» ብላ ብሪሂዳ መኪናው ውስጥ የሊሂያ ጭን ላይ ተቀመጠች።

«እኛ አገር ታማል በሙዝ ቅጠል ነው» አለች ሊሂያ ከክብደቱ ሥር። «የእናንተ ግን... አልዋሽም፣ የእናንተም ጥሩ ነው።»

ፀሐይዋ ወደ እሳተ ገሞራው ተራራ አዘንብላለች። ዳይሬክተሩ ብዕሩን አንስቶ ይሆናል። ኦቲሊያ መስኮቱን ከፍታ «ተሰብሯል» ትላለች በልቧ። «የልጅ ልደት ነው። በእርግጥ ተሰብሯል።»

የአናልኮው ግቢ በሕፃናት ጩኸት ይናወጣል። ከዛፉ ቅርንጫፍ ጣፋጭ የታጨቀበት የወረቀት ኮከብ፣ ፒኛታ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ልደቱ የሆነው ልጅ ዓይኑ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከቁመቱ የሚረዝም ዱላ ይዞ አየሩን ይመታል። ኮከቡን ስቶታል። ሕፃናቱ «ወደ ግራ! ወደ ቀኝ! ወደ ኋላ!» እያሉ ሆን ብለው ያሳስቱታል። ልጁም ዞሮ ዞሮ ወደ ጠረጴዛው መጣ።

ጠረጴዛው ላይ፣ መሀል ለመሀል፣ ነጭና ሰማያዊ ሰሃን። ታማሉ አልቆ አሁን ሽሮፕ የፈሰሰበት ስስ ጥብስ ቂጣ፣ ቡኙዌሎ፣ ተቆልሎበታል።

ዱላው ተነሳ።

ኦቲሊያ ሥራዋ ምን እንደሆነ፣ ማዕረጓ ምን እንደሆነ ረሳች። በረረች። ደረቷን ቡኙዌሎው ላይ ጥላ ሰሃኑን በሁለት ክንዷ አቀፈችው። ዱላው ጀርባዋ ላይ አረፈ።

ልጁ ጨርቁን ገፎ አያት። «ከረሜላ የለባትም» አለ ቅር ብሎት።

ሳቁ ግቢውን አነቃነቀው። ኦቲሊያ ቀና ስትል ሽሮፑ ከአገጯ ይንጠባጠባል። የሰሃኑን ከንፈር በጣቷ ዙሪያውን ዳሰሰችው፤ ቀስ ብላ፣ ሊመጣ ያለውን ስንጥቅ እየጠበቀች። ዞራ ወደ ጀመረችበት ደረሰች። ስንጥቅ የለም። ሁለተኛ ዳሰሰችው። ከዚያ እሷም መሳቅ ጀመረች፤ ጀርባዋን እያሸች፣ መቀመጫ እስክትፈልግ ድረስ ሳቀች።

የቤቱ እመቤት ሰሃኑን ነጠቀቻት። «በሉ ስጡኝ። እንዲህ ተጨፍልቆ ነው የሚሄደው? ሰው ምን ይለናል?» አለችና አዲስ ቡኙዌሎ ከመጥበሻው አውጥታ እስከ አፉ ሞላችው።

*

ዳይሬክተር ጋርሳ ቢሮው ውስጥ፣ ወረቀቱ ፊቱ፣ ብዕሩ በእጁ ነበር። በሩ ተከፍቶ መጀመሪያ ሽታው ገባ፤ ቀጥሎ ሽሮፕ የለበሰች ኢንስፔክተር፣ ከኋላዋ ዘበኛውና ሚስቱ፣ ክሪስፒን፣ ብሪሂዳ፣ አንዲት ባለባርኔጣ፣ መልኪያዴስ ከረሜላ እያላመጠ።

ኦቲሊያ ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ተገኝቷል» አለችና ሁሉንም ነገረችው፤ ማን እንደለወጠው፣ ለምን፣ ማን እንደወሰደው፣ በየቤቱ ምን ተሞልቶ እንደወጣ። ካስቱላ አንገቷን ደፋች። ኤሌውቴሪዮ ቆሞ ፍርዱን ጠበቀ።

ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ተነሳ። «ተበላበት? ታጠበ? በአውቶቡስ?»

«ቆሜ» አለ ኤሌውቴሪዮ፤ መዋሸት ሰልችቶታል።

ኦቲሊያ ብዕሩን አየች። ይፈርማል። በእርግጥ ይፈርማል። ሽማግሌው በዚህ ዕድሜው...

ብሪሂዳ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደፊት መጣች። «ጌታዬ፣ እዚህ ከመጡ ወዲህ ማን ሰሃን ልኮልዎታል?»

«ይቅርታ?»

«ምግብ። ከጎረቤት። በጨርቅ ተሸፍኖ።»

ዳይሬክተሩ ክራባቱን አስተካከለ። «ማንም» አለ። «ምግብ ቤት ነው የምበላው። ብቻዬን።»

ብሪሂዳ ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ሰማችሁ? ዓመት ሊሞላው ነው! መታሰር ያለብን እኛ ነን። እንካ ልጄ፣ ብላ። ይህ ተራ የእርስዎ ነው።» አንተና እርስዎ ተደባለቀባት፤ ማንም አላረማትም።

ዳይሬክተሩ ሰሃኑን ወደ ራሱ ሳበ። ብዕሩን አስቀመጠ። አንድ ቡኙዌሎ አንስቶ ቆረሰ፤ ፍርፋሪው ክራባቱ ላይ ረገፈ። ሁለተኛ አነሳ። በሦስተኛው ላይ ክራባቱን ፈታው። የሠፈሩ ሰው ቆሞ ሲያየው አላፈረም፤ ይልቅ በእጁ ምልክት ሰጥቶ ሁሉንም ጋበዘ። ክምሩ ጎደለ፤ ጅራቱ ታየ፣ አንገቱ ታየ፣ በመጨረሻም ዘለላዋ።

ማጉያ መነፅሩን አውጥቶ ዙሪያውን መረመረው።

«አልተነካም» አለ። ያልፈረመበትን ወረቀት አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሲታሰር የተወሰደበትን የሣጥኑን ቁልፍ ለኤሌውቴሪዮ ዘረጋለት። «ከእንግዲህ አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሉት፤ የእርስዎ ቀበቶ አይታመንም። እርስዎም፣ እመቤት ካስቱላ፣ በሚመጣው ዓመት መጀመሪያ እኔን ያማክሩኝ። አብረን እንለውጠዋለን።»

ካስቱላ እጁን ስማ በሽርጧ ፊቷን ሸፈነች። ኦቲሊያ አሁንም ሌላ ነገር ይመጣል ብላ ትንሽ ጠበቀች፤ አልመጣም።

ዳይሬክተሩ ግን ተጨንቆ ነበር። ጣቱን ከሽሮፕ እየጠረገ የእያንዳንዳቸውን ፊት አየ። «እንግዲህ እኔም ለእያንዳንዳችሁ መላክ አለብኝ፤ ሰሃን ባዶ አይመለስም ማለት እኮ ነው። ግን እኔ የሰሜን ሰው ነኝ። የማውቀው ሥጋ መጥበስ ብቻ ነው። ምናልባት እሑድ፣ ግቢው ውስጥ...»

ዶን ኤሌውቴሪዮ ቆቡን ራሱ ላይ አደረገ።

«ከሰሉን እኔ አመጣለሁ» አለ።